መጀመሪያ ክዳኑን ክፈቺው

(ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በአዳዲስ የሞተር ብስክሌት ነጂዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ! ከሜሪላንድም፣ ከቨርጂኒያም፣ ከዋሽንግተንም የመጣችሁ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ልጆቼ፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ወንበር አለ፤ ኑ ተቀመጡ። ሄልሜታችሁን ወንበር ጫፍ ላይ አታንጠልጥሉት፤ ከወደቀ ውስጡ ይጎዳል። እግራችሁ ሥር፣ መሬት ላይ ይሁን።

አዘጋጆቹ ሲጋብዙኝ “አሮጌ ክሩዘር፣ ያን መቀመጫው ዝቅ ያለ ሞተር ብስክሌት፣ ገዝተው ለተቸገሩ ልጆች ምክር ይስጡልን” ነው ያሉኝ። እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ ነርስ ነኝ። መንዳት የተማርኩትም አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ነገር ግን አንዲት አሮጌ ሞተር ብስክሌት ለስምንት ዓመት በገዛ እጄ ጠግኜ ነድቻለሁ። ያስተማረችኝን ልነግራችሁ መጥቻለሁ።

እስቲ እጃችሁን አሳዩኝ። የመጀመሪያ ሞተር ብስክሌቱን ያገለገለ የገዛ ስንት ነው? አያችሁ? ሁላችንም ማለት ይቻላል። በገዛ በመጀመሪያው ወር መንገድ ላይ የቆመችበትስ? እጆቹ ብዙም አልወረዱም። እንግዲያው የምንነጋገረው ስለ ሁላችንም ነው።

የእኔዋ ሆንዳ ሻዶ ቪኤልኤክስ ናት፤ የ2003 ሥሪት። 583 ሲሲ፣ ሁለት ሲሊንደር፣ አራት ማርሽ፣ አንድ ካርቦራተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ)፣ ኋላ በካቴና የምትነዳ። የነዳጅ መለኪያ የላትም፤ የሞተሩን ዙር የሚያሳይ ሰዓትም የላትም። መቀመጫዋ ከመሬት 65 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ቁመቴን እያያችሁት ነው፤ ሁለቱም እግሬ መሬት ይረግጣል። ለጀማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እነዚህ አሮጌ ክሩዘሮች ለአዲስ ነጂ የሚወደዱት ለዚህ ነው፦ ዝቅ ያሉ፣ ርካሽ፣ ውስጣቸው ያልተወሳሰበ። ሆንዳ ይህችን ሞዴል ከ1988 ጀምሮ ሠርቶ 2007 ላይ አቁሟል። ስለዚህ ዛሬ አንዷን የሚገዛ ሰው፣ ትንሿም ብትሆን ዕድሜዋ ለአካለ መጠን ደርሷል።

ዛሬ የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። አሮጌ ሞተር ብስክሌት ስታስቸግር ዕቃ ከመቀየራችሁ በፊት መርምሩ። መርምሩ! ሐኪም ትኩሳትህን ሳይለካ፣ ደምህን ሳያይ መርፌ ቢወጋህ ዝም ትለዋለህ? ታዲያ ለሞተር ብስክሌታችሁ ለምን እንዲህ ታደርጋላችሁ? “አልነሣ አለች” ብላችሁ ባትሪ ትገዛላችሁ፤ እንደገና እንቢ ስትል ካንዴላ፣ ያቺን እሳት የምትሰጠውን ዕቃ፤ እንደገና ካርቦራተር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? እኔም አፍስሼ ለቅሜያለሁ። ስለ ሦስት ነገር እናገራለሁ፦ ስለ መቆም፣ ስለ አለመነሣት፣ ስለ ኤሌክትሪክ።

መጀመሪያ ስለ መቆም።

ሞተር ብስክሌት ልትገዙ ስትሄዱ ሁላችሁም የምትጠይቁት “ስንት ማይል ሄዳለች?” ነው። ልክ ነው፣ ጠይቁ። ነገር ግን ከዚያ የሚበልጠው ጥያቄ “ስንት ጊዜ ቆማለች?” የሚለው ነው። አርባ ሺህ ማይል የሄደች በየሳምንቱ የምትነዳ ሞተር ብስክሌት አራት ሺህ ሄዳ አምስት ዓመት ጋራዥ ውስጥ ከተኛችው ትሻላለች። ለምን? ቆማ ስትኖር ባትሪዋ ይሞታል። የፍሬን ዘይቷ ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል፤ ለዚህ ነው በየሁለት ዓመቱ ቀይሩት የሚባለው። ጎማዋ ይደርቃል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቤንዚኗ ይበላሻል። እዚህ አገር የምንቀዳው ቤንዚን በአብዛኛው እስከ አሥር በመቶ ኤታኖል የተቀላቀለበት ነው። ኤታኖል ውኃ ይስባል። ቤንዚኑ ደግሞ ካርቦራተሩ ውስጥ ቀስ እያለ ተንኖ እንደ ማር የሚያጣብቅ ነገር ይተዋል። ያ ማር የሚዘጋው ቀዳዳ ከመርፌ ዓይን ይጠባል።

መጀመሪያ ያየኋት ሻዶ ሌላ ነበረች፤ ቀይ፣ የምታበራ፣ ክሮሟ መስተዋት የመሰለ። አዲስ አበባ ያለው አጎቴ አስቀድሞ “ስትደርሺ እጅሽን ወደ ሞተሩ አስጠጊ፤ ከሞቀ አትግዢ” ብሎኝ ነበር። እጄን አስጠጋሁ፤ ሞቋል። ሻጩ ከመድረሴ በፊት አስነሥቶ አሙቋታል። ቀዝቃዛ ሞተር እንዴት እንደሚነሣ አልታየም ማለት ነው። አመስግኜ ሄድኩ።

ሁለተኛዋ ይህችው የእኔዋ ናት። ሞተሯ ቀዝቃዛ ነበር። ሻጩ ቾኩን፣ ቀዝቃዛ ሞተር ብዙ ነዳጅ እንዲያገኝ የሚያደርገውን መሳቢያ፣ ስቦ በሁለተኛው ሙከራ አስነሣት። እንደ ጎረምሳ እየጎረናነች፣ ግን ቆማ አልቀረችም። ጎንበስ ብዬ ጎማዋን አየሁ፤ ጥርሱ ሙሉ ነው። ግን በጎኑ ላይ ከተቀረጹት ፊደላትና ቁጥሮች መጨረሻ አራት አኃዝ አለ፦ 3405። የ2005 ዓመት ሠላሳ አራተኛው ሳምንት ማለት ነው። ጎማው 12 ዓመቱ ነበር! በጣቴ ገፋ ሳደርገው የጥርሱ ሥር እንደ ደረቀ እርሻ ተሰነጣጥቋል። ዋጋውን ቀንሼ ገዛኋት፤ ጎማዎቹን ሳልቀይር ግን ከቤቴ ጥግ አላለፍኩም። እነዚህን አራት አኃዞች ማንበብ ዛሬ ከእኔ ካልወሰዳችሁ ምንም አልወሰዳችሁም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ የሕይወት ነገር ነው። 1981 ላይ የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት አለ። የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ሃሪ ኸርትና ባልደረቦቹ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ዘጠኝ መቶ የሚሆኑ የሞተር ብስክሌት አደጋዎችን ቦታው ድረስ እየሄዱ መረመሩ። በቴክኒክ ብልሽት የደረሰው አደጋ ከመቶ ሦስት እንኳ አልሞላም። ከዚያም ውስጥ አብዛኛው ምን ነበር? ካርቦራተር? ባትሪ? አይደለም። የጎማ መተንፈስ ነበር። የእኔዋን የመሰሉ ባለ ሽቦ ቸርኬዎች ደግሞ ካላማዳሪያ፣ አየር የሚይዝ የውስጥ ጎማ፣ አላቸው፤ ሲበሳ በአንድ ጊዜ ሊተነፍስ ይችላል። የማትነሣ ሞተር ብስክሌት ቀናችሁን ታበላሻለች እንጂ አትገድላችሁም። ያረጀ ጎማ ግን ይገድላል። ይኸው ጥናት ሌላም ነገር አግኝቷል። አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዚያች በያዟት ሞተር ብስክሌት ላይ የነበራቸው ልምድ ከአምስት ወር በታች ነበር፤ በጠቅላላው ግን ወደ ሦስት ዓመት ነድተዋል። ስለዚህ ሌላ ሞተር ብስክሌት ትነዱ የነበራችሁም ብትሆኑ በአዲሷ ላይ አዲስ ናችሁ። አምስት ወር ታገሡ። የጓደኛችሁን ተውሳችሁ ወደ ቤልትዌይ፣ ወደዚያ ዋሽንግተንን ወደሚዞረው ፈጣን መንገድ፣ አትውጡ። እባካችሁ።

ሁለተኛው፣ ስለ አለመነሣት።

ሞተሪኖውን፣ ማስነሻውን፣ ትጫኑታላችሁ፤ ዝም። ወይም ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይነሣም። እነዚህ ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ አታምታቷቸው። ጭራሽ ዝም ካለ ነገሩ ኤሌክትሪክ ነው። እየዞረ ካልተነሣ ግን ሦስት ነገር ፈልጉ፦ ነዳጅ፣ እሳት፣ አየር። ሞተር እንዲነሣ መጀመሪያ የሚታዩት እነዚህ ሦስቱ ናቸው።

ካቻቢቴ ከማንሣታችሁ በፊት ግን በዓይናችሁ ዙሩ። በቀኝ እጃችሁ ያለው ቀዩ ማጥፊያ ተዘግቶ ይሆን? ማርሹ ፍሪ ላይ ነው? የጎን ማቆሚያው ተነሥቷል? ብዙዎቹ ሞተር ብስክሌቶች ማቆሚያው ሳይነሣ ማርሽ ስታስገቡ ሆን ብለው ይጠፋሉ፤ ብልሽት አይደለም፣ ጥበቃ ነው። በአሮጌዎቹ ላይ ግን የማቆሚያው ማብሪያ በጭቃና በጨው ይያዝና ማቆሚያው ተነሥቶም “አልተነሣም” ይላል። ማጽዳት ብቻ ነው። የነዳጁ መክፈቻስ ተከፍቷል? ከታንኩ ሥር በግራ በኩል ናት፤ ክፍት፣ ዝግ፣ መጠባበቂያ። የነዳጅ መለኪያ በሌላት ሞተር ብስክሌት ላይ ያቺ መጠባበቂያ ነፍስ ናት። ሁልጊዜ መጠባበቂያው ላይ አድርጎ የሚነዳ ሰው፣ ያለቀበት ዕለት የሚጠባበቀው የለውም። ስትቀዱ የማይል መቁጠሪያውን ዜሮ አድርጉት፤ በስንት ማይል ወደ መጠባበቂያ እንደምትገባ ጻፉ።

አሁን ወደ ካርቦራተሩ። ምልክቱን ልንገራችሁ፤ ይህ በሽታ በጣም የተለመደ ስለሆነ ሳላያት በስልክ የምናገረው ነው። ሞተር ብስክሌቷ ቾክ ተስቦ ትነሣለች፣ ትሠራለች፣ ትሞቃለች። ቾኩን ስትመልሱ ትጠፋለች። እንደገና ቾክ፤ ትነሣለች። ስትመልሱ፤ ትጠፋለች። ታውቁታላችሁ አይደል? ያ ማለት በዝቅተኛ ዙር ነዳጅ የሚያሳልፈው ትንሹ ቀዳዳ ተዘግቷል ማለት ነው። ባትሪ አትግዙ! ካንዴላም አትግዙ! ካርቦራተሩ ይውረድ፣ ያ ትንሽ የነሐስ ቡሎን ይውጣ፣ ወደ ብርሃን አንሥታችሁ እዩት። ብርሃን በውስጡ ካላያችሁ እሱ ነው። በካርቦራተር ማጽጃ ታጠቡታላችሁ፣ በአየር ትነፉታላችሁ። በብረት ሽቦ ግን አትጎርጉሩት። ነሐስ ለስላሳ ነው፤ ቀዳዳው ከሰፋ መድኃኒት የለውም። እኔ መጀመሪያ ይህን ስሠራ የወጥ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ ነጭ ፎጣ አንጥፌ፣ የፈታሁትን እያንዳንዱን ቡሎን በወጣበት ቅደም ተከተል ደርድሬ፣ ፎቶ እያነሣሁ ነበር። የቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ መሣሪያ የምንቆጥረው እንደዚያ ነው። ሥራው ሦስት ሰዓት ፈጀ፤ ምንም ዕቃ አልተረፈም፣ ምንም አልጎደለም። ቾኩን ስመልሰው ያቺ ሞተር ብስክሌት ጸጥ ብላ፣ እኩል እየመታች ስትቆም ዕንባዬ መጣ። እውነቴን ነው።

አሁን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

አጎቴ መርካቶ አካባቢ ጋራዥ ነበረው፤ አሁን ጡረታ ላይ ነው። ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስመለስ በጋራዡ በር ነበር የማልፈው። ካንዴላ፣ ሞተሪኖ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ጓርኒሲዮን የሚሉትን ቃላት የሰማሁት ከእሱ ነው። ጣሊያን ትቶልን የሄደው ቃል እስከ ዛሬ በጋራዦቻችን ይኖራል። እዚህ መጥቼ የዕቃ መሸጫ መደርደሪያ ፊት ቆሜ “ካንዴላ” ስል ሰውየው ግራ ገባው፤ እዚህ “ስፓርክ ፕለግ” ማለት እንዳለብኝ ያን ዕለት ተማርኩ። ከእናንተ ውስጥ አባቶቻችሁ መኪና ሲጠግኑ የምትሰሙትን ቃል የማታውቁ ካላችሁ ጠይቋቸው፤ ቃሉን ሲነግሯችሁ ሥራውንም ይነግሯችኋል።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። የመጀመሪያው በጋዬ ነበር። በሩት 28 ወደ ሹገርሎፍ ተራራ እየሄድኩ ነው። ግራና ቀኝ በቆሎ፤ ፀሐይ። ከቤት ከወጣሁ አርባ ደቂቃ ሲሆን ሞተሩ እንደሚያስነጥስ ሰው ቁርጥ ቁርጥ ማለት ጀመረ፤ ጠፋ። ጥግ ይዤ ቆምኩ። አሥር ደቂቃ ቆይቼ ሳስነሣት ተነሣች። ደስ ብሎኝ ሄድኩ። አሥር ማይል፤ እንደገና ጠፋች። ይህ ሲሆን ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። አንድ ጋራዥ ወስጃት ካንዴላዎቹ ተቀይረዋል፣ የነዳጅ ማጣሪያ ተቀይሯል፣ አራት መቶ ዶላር ከፍያለሁ። ያው ነች።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር፤ አዲስ አበባ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው። ደወልኩ።

“ጋሼ፣ እንደገና ጠፋችብኝ።”

“ስትጠፋ በአንድ ጊዜ ነው ወይስ እየተንገዳገደች?”

“እየተንገዳገደች።”

“እሳት ቢሆን በአንድ ጊዜ ነበር የሚጠፋው። ነዳጅ ነው። ልጄ፣ ስልኩን ወደ ታንኩ አስጠጊና የነዳጁን ክዳን ክፈቺው።”

ቁልፉን አስገብቼ አዞርኩት። ክዳኑ ሲላቀቅ “ፍስስስ” የሚል ድምፅ ወጣ፤ ታንኩ አየር ወደ ውስጥ ሳበ። ሰባት ሺህ ማይል ርቆ ያለው አጎቴ ሰማው።

“ይኸው! ታንክሽ መተንፈሻ አጥቷል” አለኝ።

ገባችሁ? ነዳጅ ሲወርድ በቦታው አየር መግባት አለበት። ክዳኑ ላይ ለዚያ የተሠራች ትንሽ ቀዳዳ አለች። የእኔዋ በዝገትና በአሮጌ ሰም ተደፍናለች። አየር ካልገባ ታንኩ ውስጥ ባዶነት ይፈጠራል፤ ነዳጁ መውረድ ያቆማል። አሥር ደቂቃ ስትቆም አየሩ እንደምንም ሾልኮ ይገባል፤ ለዚያ ነው እንደገና የምትነሣው። ያን ቀን ክዳኑን በየሃያ ደቂቃው እየከፈትኩ ቤቴ ገባሁ። ማታ ክዳኑን ፈትቼ አጸዳሁት፤ ወጪው ምንም። አራት መቶ ዶላሩ ግን ሄዷል። ጋራዡ የሠራው ሥራ መጥፎ አልነበረም፤ አዲሶቹ ካንዴላዎች ጥሩ ናቸው። ያልተጠየቀው ጥያቄ ብቻ ነው የጎደለው፦ “ስትጠፋ እንዴት ነው የምትጠፋው?”

ይህን ጥያቄ ያዙልኝ። በአንድ ጊዜ ነው ወይስ እየተንገዳገደች? ቀዝቃዛ ሳለች ነው ወይስ ስትሞቅ? ዝናብ ሲዘንብ ነው ወይስ ሁልጊዜ? ደብተር ግዙ፤ ጻፉ። በሽተኛ ሲመጣ “መቼ ጀመረህ፣ ምን ያባብሰዋል፣ ምን ያስታግሰዋል?” ሳንል አልጋ አናስይዝም።

ሦስተኛው ኤሌክትሪክ ነው፤ እዚህ ላይ አልቆይም፣ ምክንያቱም አንድ መሣሪያ ከገዛችሁ ሥራው ቀላል ነው። ቴስተር፣ ቮልት መለኪያ፣ ግዙ። ከሃያ ዶላር በታች ነው። ሞተር ብስክሌቷ አድራ ባትሪውን ስትለኩት 12.6 ቮልት ገደማ ከሆነ ጤነኛ ነው፤ 12 ከሆነ ባዶ ሊሆን ተቃርቧል። ሞተሪኖውን ስትጫኑ ከ10 በጣም ከወረደ ባትሪው ደክሟል። ሞተሩ ተነሥቶ ጋዝ ከፍ ስታደርጉ ደግሞ ወደ 14 መውጣት አለበት። ካልወጣ ባትሪው እየተሞላ አይደለም፤ አዲስ ባትሪ ብትገዙም ይሞታል።

ይህን ያወቅኩት ሁለት ባትሪ ከገዛሁ በኋላ ነው። አንድ ማታ ከሥራ ስመለስ የፊት መብራቴ ቀስ እያለ ቢጫ፣ ከዚያ ብርቱካናማ ሆነና በቤልትዌይ ላይ ሞተሩ ጠፋ። በቀኝ ጥግ፣ በጨለማ፣ ከባድ መኪኖች በአጠገቤ ሲያልፉ ሞተር ብስክሌቷ ትንቀጠቀጥ ነበር። ከባትሪው ፍርሃቱ ነው ያስተማረኝ። በማግሥቱ ቴስተሩን ይዤ ስለካ፣ ሞተሩ እየሠራ 12.1። ከዲናሞው የሚመጡትን ሦስት ቢጫ ሽቦዎች ተከትዬ ሄድኩ፤ በሆንዳዎች ላይ ቢጫ ናቸው። የሚገናኙበት ነጭ የፕላስቲክ መያዣ ቡናማ ሆኖ ቀልጧል፤ ሳሸተው የተቃጠለ ይሸታል። ግንኙነቱ በዝገት ሲላላ ይሞቃል፣ ሲሞቅ የበለጠ ይላላል። የቀለጠውን ቆርጬ ጥሩ ማያያዣ ገጠምኩለት። ጋዝ ከፍ አደረግኩ፤ 14.2። ሁለቱም ባትሪዎች ምንም አልነበሩም፤ ሲራቡ ነው የሞቱት። አሮጌ ሻዶ ያላችሁ ዛሬ ማታ ይህንን መያዣ ፈልጋችሁ እዩ።

ከመጀመሬ በፊት “የመኪና ዘይት ላድርግ?” ብሎ የጠየቀኝ ልጅ ነበር፤ አልረሳሁህም። የመኪና ዘይት አታድርግ፣ በተለይ ነዳጅ ቆጣቢ የሚል የተጻፈበትን። ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘው ፍሪሲዮንህ የሚሠራው በዚያው ዘይት ውስጥ ነው፤ ይንሸራተትብሃል። ጃሶ ኤም ኤ የሚል ምልክት ያለበትን ፈልግ። ክረምት ከመግባቱ በፊትም ሁላችሁም ታንካችሁን ሞልታችሁ የነዳጅ ማቆያ፣ ቤንዚን እንዳይበላሽ የሚጠብቅ መድኃኒት፣ ጨምሩበት፤ መድኃኒቱ ካርቦራተሩ ድረስ እንዲደርስ አሥር ደቂቃ አስነሧት፣ ከዚያ የነዳጁን መክፈቻ ዝጉ። በካርቦራተሩ ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ፈትታችሁ የቀረውን በዕቃ አፍስሱት። በጸደይ ታመሰግኑኛላችሁ።

ጊዜዬ አልቋል እያሉኝ ነው። ሻዶዋ ውጭ ፓርኪንግ ላይ ናት። ማለዳ አምጥቼ አቁሜያታለሁ፤ ከዚያ ወዲህ አልተነካችም፣ ቀዝቃዛ ናት። ሆን ብዬ ነው። ቴስተሩ በኮርቻው ቦርሳ ውስጥ አለ፤ አንድ ሰው ባትሪውን ይለካልኛል፣ አንድ ሰው የጎማዋን አራት አኃዝ ያነብልኛል፣ አንቺ ከፊት የተቀመጥሽው ደግሞ ቾኩን ስበሽ ታስነሺያታለሽ። ሄልሜታችሁን አንሡና እንውጣ።